ሁለት ሚዛን

ከቢቸና ገበያ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጤፍ ስፈጭ፣ ጤፍ ስነግድ፣
ቅንድቤ የነጣው በሽበት አይደለም፣ በዱቄት፤
"አንለይ ወፍጮ" ይሉኛል፣ ሌላ የለኝም ርስት።

ጥማት ነው የጀመረኝ። ማታ እንስራ ሙሉ ጠጥቼ፣
ሌሊት አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ ወደ ጓሮ ወጥቼ።
አንድ ጠዋት ይታክቱ ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብላ አየች፣
"ና እስቲ፣ ጉንዳን ሰፍሯል አንተ በቆምህበት" አለች።

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ጣቴን ወጋች ሲስተር ትሁኔ፤
ያ ትንሽ መሣሪያ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብሎ መሰከረ በእኔ።
"ስኳር ነው" አለችኝ። ሳቅሁ። "ሲስተር፣ ስኳር ከየት?
ሻይ ባዶውን ነው የምጠጣ፣ ማር የምቀምሰው ለመድኃኒት።"
"እንጀራስ ስንት ነው በቀን?" "ሰባት" አልሁ በኩራት፤
ጎበዝ በገበታው አይደል የሚታወቀው ከጥንት?

"ወፍጮህ ጤፉን ያደቅቃል፣ ዱቄት ይወጣል በአፉ በር፤
የቀረውን ሆድህ ይፈጨዋል፣ ያኛው የሚያወጣው ስኳር።
ደምህ ዘር አይለይም፣ ማኛ አያውቅ ሰርገኛ፤
ድንች ይሁን ዳቦ፣ በቆሎም፣ ሁሉም የስኳር ቤተኛ።"

እኔ ደግሞ ግማሽ አላውቅም። ከሰባት ወደ ምንም!
እንጀራ በደጄ አይለፍ አልሁ፣ በጾምም በፍስክም።
ጎመን፣ ክክ፣ እንቁላል፣ ሥጋም አንዳንዴ ካገኘሁ፤
ኪኒኑን ግን እንደ ድሮው፣ ጠዋት ማታ እንደታዘዝሁ።
በሦስተኛው ቀን መቶ ሠላሳ! ይታክቱ እልል አለች።
በአምስተኛው፣ ወፍጮ ቤት ቆሜ፣ ቀኑ ሳይመሽ ፀሐይ ጠለቀች።

ላብ። የእጅ መንቀጥቀጥ። ከጆንያው ላይ እንደ ጆንያ ወደቅሁ፤
"ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል አምጡ!" ሲሉ ከሩቅ ሰማሁ።
ሊያስፈጭ የመጣ አንድ ልጅ፣ ሞላልኝ የሚሉት፣ ተማሪ፣
ሚሪንዳ አስጎነጨኝ፤ የሸሸሁት ስኳር ሆነ ከሞት ደጅ ጠሪ።

"አርባ ስምንት!" ሲስተር ጮኸች። "አንተ የሚዛን ሰው አይደለህ?
ከአንዱ ጎን ጤፉን ስታነሣ፣ ከሌላው ብረቱን ትተህ፣
ይዘቀዝቃል እንጂ ይቆማል? ለምን ሳትነግረኝ?" ዝም አልሁ።
ሠላሳ ዓመት የመዘንሁ ሰው፣ ያን ቀን ሚዛን ተማርሁ።

ሐኪሙ ኪኒን ቀነሰልኝ፤ እኔም ከሰባት ወደ አንድ፣
ጎመኑ ግራና ቀኝ እንደ ደን፣ እሱ መሐል እንደ ቀጭን መንገድ።
ጉንዳኖቹ ከአጥሩ ሥር ጓዛቸውን ጠቅልለው ለቀቁ፤
ይታክቱ ግን ጠዋት ጠዋት ታያለች፣ ዓይኖቿ እየተጠነቀቁ።

ረኃቡስ ይለመዳል። የማይለመደው የሰው እጅ ነው።
በሚካኤል ማኅበር፣ ተጠቅልሎ የመጣን ጉርሻ ማን ይመልሰው?
አብሮ አደጌ ይበልጣል፣ "ናቅኸኝ" ብሎ ፊቱን አዞረ፤
አንዷን ጎረስሁለት፤ ማታ ከራቴ ላይ ያችው ጉርሻ ተቆጠረ።

አልዳንሁም። አንዳንድ ቀን፣ ሰርግ የዋልሁ ለታ፣ ቁጥሩ ያብጣል፤
ይህ ዕዳ አይከፈልም፣ በየቀኑ ይጠየቃል።

ትናንት ማታ ወፍጮው ጠፍቶ፣ ጆሮዬ ገና እያጓራ፣
ነጩን ጣቴን ወጋሁት፣ ቀይ ነጥብ ዱቄት ላይ በራ።
"ስንት ሆነ?" አለች ከበሩ፣ ዱቄቷን ልትወስድ የመጣች ሴት፤
ዓይኔን ከመሣሪያው ሳላነሣ፣ "መቶ አርባ ሁለት።"
"ለአንዲት ቁና!" ብላ ጮኸች፣ ነጠላዋን ጥላ በድንጋጤ፤
ሳቄ መጣ፤ ስንት ወር ሆኖት ነበር ከሆዴ ሳቅ ካወጣሁ በውስጤ!
"ሂጂ እመቤቴ፣" አልኋት፣ ጆንያዋን እያሸከምሁ፣
"ያንቺስ ተከፍሏል። እኔ የራሴን ነው የመዘንሁ።"